ስስና ጠፍጣፋ ሰነዶችን በጠንካራ ፖስታ አሽጎ ስለ መላክ

የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የልማት ጥያቄ ከሰበካ ጉባኤው ተነሥቶ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከትና ወደ ኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት የሚጓዘው በወረቀት ነው። ቃለ ጉባኤው፣ የይዞታ ማረጋገጫው፣ የምንጩ ወይም የትምህርት ቤቱ ፎቶግራፍ፣ የግዢው ደረሰኝ ሁሉም ስስና ጠፍጣፋ ናቸው። ገምጋሚው ቦታውን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ስለ አጥቢያው የሚናገሩለት እነዚህ ብቻ ናቸው። ማኅተሙ ላይ የታጠፈ ቃለ ጉባኤ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ፎቶግራፍ ወይም ጽሑፉ የጠፋ ደረሰኝ ከደረሰው ግን የምእመናኑ ድካም በመንገድ ቀረ ማለት ነው።

ከእነዚህም መካከል አንዳንዱ በሌላ ሊተካ አይችልም። ምንጩ ከመጎልበቱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ዳግመኛ አይነሣም። ከብዙ ዓመታት በፊት በተጻፈ ቃለ ጉባኤ ላይ የፈረሙ አባቶች ዛሬ በሕይወተ ሥጋ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ አንድን ወረቀት በፖስታ ከማስገባታችን በፊት ጥቂት ጊዜ ወስደን በሥርዓት ብናሽገው ድካማችን ከንቱ አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የአጥቢያ ኮሚቴዎችና ካህናት አባቶች በአቅራቢያ በሚገኝ ቁሳቁስ ሊፈጽሙት የሚችሉትን አሠራር በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ገበታና ማኅደር

ስስ ነገርን በጠንካራ ነገር መካከል አድርጎ መጠበቅ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ትምህርት አይደለም። የብራና መጽሐፍ ቅጠሎች የሚዘጋጁት ከእንስሳ ቆዳ፣ ይልቁንም ከፍየልና ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮና ተፍቆ ጠፍጣፋ ቢሆንም እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይጨማደዳል፣ ጠርዙም መጠቅለል ይጀምራል። ደጓሾች ይህን ስለሚያውቁ ቅጠሎቹን በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ይደጉሳሉ። መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ገብቶ ይሰቀላል። ገበታው ከመታጠፍና ከመጨማደድ፣ ማኅደሩ ደግሞ ከአቧራ፣ ከእርጥበትና ከመንገድ እንግልት ይጠብቀዋል።

የምንልከውም ሰነድ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ፖስታው ማኅደር ነው፤ ሰነዱን ግን ቀጥ አድርገው የሚይዙት በግራና በቀኝ የሚቆሙ ሁለት ገበታዎች ናቸው። በከተማ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ከወፍራም ካርቶን የተሠራ ጠንካራ ፖስታ ሊገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙው ከአንድ ረድፍ ካርቶን የተሠራ ስለሆነ ከባድ ጥቅል ሲጫነው መታጠፉ አይቀርም። በሌላ በኩል ተራ ካኪ ፖስታ በውስጡ ሁለት ካርቶን ከገባበት እንደ ጠንካራ ፖስታ ያገለግላል። ስለዚህ ጠንካራ ፖስታ በአካባቢያችን አልተገኘም ብሎ ሰነድን አጥፎ መላክ አያስፈልግም።

አስቀድሞ መወሰን ያለበት፤ ዋናው ይሂድ ወይስ ቅጂው?

ከማሸግ በፊት ኮሚቴው ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ተቀባዩ ክፍል የሚፈልገው ዋናውን ሰነድ ነው ወይስ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ? በሚለው ላይ ነው። ቅጂ የሚበቃ ከሆነ ዋናው ከዕቃ ቤቱ መውጣት የለበትም። የይዞታ ማረጋገጫ በመንገድ ቢጠፋ ምትኩን ለማግኘት ስንት ምልልስ እንደሚያስፈልግ የደረሰበት አጥቢያ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በስልክ ወይም በደብዳቤ ጠይቆ መረዳት ይቅደም። ዋናው የግድ መሄድ ካለበትም ሁለቱም ገጾቹ በፎቶ ኮፒ ወይም በስካን ተቀድተው ቅጂው በአጥቢያው ይቀመጥ።

የብራና ቅጠልና ጥንታዊ ሥዕል ግን በየትኛውም ዓይነት ፖስታ መላክ የለባቸውም። ከድጉሱ የተለየ አንድ ቅጠል እንኳ ቢሆን የመጽሐፉ አካል፣ መጽሐፉም የሀገር ቅርስ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ሀገር ማውጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። በውጭ የሚኖር ምእመን ወይም ተመራማሪ ስለ መጽሐፉ ለማወቅ ቢጠይቅ የሚላክለት ፎቶግራፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ ሥራ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም ተቀድተዋል። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጦ ተመራማሪዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ምስሉ ባሕር ተሻገረ እንጂ ለዚህ ሲባል ብራናው እንዲሻገር አላስፈለገም።

ሰነዱን ማዘጋጀት

የሚላከው ወረቀት አስቀድሞ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት። አዲስ የተመታ ማኅተም እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ የማኅተም ቀለም ሳይደርቅ ከተደራረበ ወደ ላይኛው ወረቀት ይገለበጣል፣ ውኃ ሲነካውም ይፈሳል። ስፒል፣ አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ በጥንቃቄ ይነቀሉ። እነዚህ ብረቶች በእርጥበት ይዝጋሉ፤ ጥቅሉ ሲጫነውም በሌላው ወረቀት ላይ ጠባሳ ያሳርፋሉ። ገጾቹ እንዳይዘበራረቁ በእርሳስ በቀስታ ቁጥር መስጠትና በአንድ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ ማኖር በቂ ነው።

የተቀደደ ሰነድ ቢኖር በፕላስተር መለጠፍ አይመከርም። የፕላስተሩ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጻል፤ ለማንሣት ሲሞከርም ጽሑፉን ይዞ ይነሣል። የተቀደደው እንዳለ በሁለት ነጭ ወረቀቶች መካከል ተቀምጦ ይላክ። ለጥንቃቄ በማሰብ ዋና ሰነድን ላሚኔሽን ማስደረግም ጉዳት አለው። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም፤ ከዚያ በኋላ በሰነዱ ላይ መፈረምም ሆነ ማኅተም ማሳረፍ አይቻልም።

ካርቶኑን መለካትና መቁረጥ

የካርቶን አቆራረጥ ሕግ አጭር ነው፤ ካርቶኑ ከሰነዱ ይብለጥ፣ ከፖስታው ይነስ። ከሰነዱ ካነሰ ጠርዙ ይጋለጣል፤ ከሚገባው በላይ ጠብቦ ከገባ ደግሞ ፖስታው በማዕዘኑ ይቀደዳል። በተለምዶ የምንጠቀምበት ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእርሱ የተዘጋጀው ሲ4 የሚባለው ፖስታ ደግሞ 22.9 በ32.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ካርቶኖች 22 በ31.5 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ ለሁለቱም ይስማማል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶግራፍ 16.2 በ22.9 የሆነው ሲ5 ፖስታ ይበቃል፤ ካርቶኑም 15.5 በ22 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ካርቶኑ አዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ የዕቃ መያዣ ካርቶን ከንጹሑና ካልታጠፈው ክፍል ቢቆረጥ ያገለግላል። ዘይት የነካውና እርጥበት የገባበት ግን ይቅር። የዚህ ካርቶን ውስጡ እንደ እርሻ ትልም የተሸበሸበ ወረቀት ነው። በትልሙ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ትልሙን አቋርጦ ግን አይታጠፍም። ስለሆነም አንዱ ካርቶን ትልሙ በቁመት፣ ሌላው በወርድ እንዲሆን ተደርጎ ይቆረጥ። ገበሬ መጀመሪያ ያረሰውን ማሳ ሲደግም አቋርጦ እንደሚያርሰው ማለት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ የአንዱን ድካም ሌላው ይሸፍናል።

ሰነዱን በካርቶኑ ላይ ማሳረፍ

ጠንካራ ፖስታ መታጠፍን ይከላከላል እንጂ መንሸራተትን አይከላከልም። በጉዞ ላይ ውስጥ ለውስጥ የሚንሸራተት ሰነድ ማዕዘኑ ይላላጣል፣ ጠርዙም ይተለተላል። ይህን ለመከላከል ሰነዱን በኮላ ወይም በፕላስተር ከካርቶኑ ጋር ማጣበቅ አይገባም፤ ሰነዱ ሳይነካ ማዕዘኖቹ ብቻ እንዲያዙ ማድረግ ይቻላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በአንዱ ካርቶን ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ። ሰነዱ በመካከሉ ይቀመጥ። ከዚያ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑ አራት የነጭ ወረቀት ቁራጮች ይዘጋጁ። እያንዳንዱ ቁራጭ በሰነዱ አንድ ማዕዘን ላይ በሰያፍ ይለፍና ሁለት ጫፎቹ ወደ ካርቶኑ ጀርባ ታጥፈው በዚያ ይጣበቁ። ሙጫው የሚነካው የካርቶኑን ጀርባና የቁራጩን ጫፍ ብቻ ነው። ቁራጩ ሰነዱን የሚይዝ እንጂ የሚወጥር መሆን የለበትም፤ ከጠበቀ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ይቆለመማል።

ቀጥሎ ሌላ ነጭ ወረቀት ከላይ ይሸፍነው፤ ሁለተኛው ካርቶን ይደረብበት። ለሽፋን ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ ይለቃልና። ሁለቱ ካርቶኖች በጥጥ ክር በመስቀለኛ ይታሰሩ፤ ወይም በየጎናቸው በአጭር ፕላስተር ይያያዙ። የፕላስተሩ አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ተቀባዩ ያለ ምላጭ ሊከፍተው ይችላል። የላስቲክ ቀለበት ግን ካርቶኑን ከመሐል ስለሚያጎብጠው አይመረጥም።

የየራሳቸው ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

ፎቶግራፍ በጠርዙ እንጂ በፊቱ መያዝ የለበትም፤ የጣት ቅባት ምልክት ይተዋል። ብዙ ፎቶግራፎች በአንድነት ሲላኩ ፊትና ፊት አይጋጠሙ፤ በየመካከላቸው ነጭ ወረቀት ይግባ። የፎቶግራፍ ፊት እርጥበት ሲያገኘው ስለሚለሰልስ ከሌላው ፎቶግራፍ ወይም ከፕላስቲክ ጋር ይጣበቃል። በጀርባው ቦታውንና ቀኑን መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ በጠርዙ በኩል ይጻፍ። የእስክሪብቶ ጫና ወደ ፊት ገጹ ይወጣል።

የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት በዐረብ ሀገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ ልጆቻችን ብዙ ጊዜ በፖስታ ይላካል። በዚህ ወረቀት ላይ ፎቶግራፍ ሲለጠፍ ማኅተሙ እኩሌታው በፎቶግራፉ፣ እኩሌታው በወረቀቱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ ከታጠፈ ፎቶግራፉ ይነሣል፤ ማኅተሙም ለሁለት ይከፈላል። ፎቶግራፉ የተነሣበት ሰነድ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ጥርጣሬን ያስከትላል። ስለዚህ ይህ ወረቀት ታጥፎ በትንሽ ፖስታ መላክ የለበትም።

ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣ ደረሰኝ የኮሚቴዎች ትልቅ ችግር ነው። ጽሑፉ በቀለም የታተመ ሳይሆን ወረቀቱ በሙቀት ጠቁሮ የሚታይ ስለሆነ በፀሐይ፣ በሙቀትና በፕላስተር ሙጫ ይደበዝዛል፤ በፕላስቲክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይም ሊጠፋ ይችላል። በላሚኔሽን ማሽን ካለፈ ደግሞ መላው ይጠቁራል። ደረሰኙ በተገኘበት ቀን ፎቶ ኮፒ ይደረግና ዋናውና ቅጂው አብረው ይላኩ። ገንዘቡ በአግባቡ መውጣቱን የሚመሰክረው ይህ ወረቀት ነውና በመኪና መስኮት ሥር ወይም በኪስ ውስጥ አይክረም።

ከኤ3፣ ማለትም ከ29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ የግንባታ ፕላን በጠፍጣፋ ፖስታ አይስማማም። እንዲህ ያለውን ከማጠፍ ይልቅ ጠቅልሎ መላክ ይሻላል። ከውኃ ሥራ የተረፈ ሰፊ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ሁለት አፉ ተዘግቶ ለዚህ ያገለግላል። ፕላኑ በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ፣ በላላ አጠቃለል ይግባበት።

እርጥበት

በክረምት ወራት ሰነድ በዝናብ መካከል ይጓዛል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሊጫን፣ በእርጥብ ወለል ላይም ሊያድር ይችላል። ካርቶን ደግሞ ውኃ ሲነካው ጥንካሬውን ያጣል። ስለሆነም የታሰሩት ሁለት ካርቶኖች በአንድነት በንጹሕ የፕላስቲክ ሽፋን ይግቡ፤ አፉም ታጥፎ ይለጠፍ። ፕላስቲኩ ካርቶኑን እንጂ ሰነዱን መንካት የለበትም። ይህም የሚደረገው ሁሉ ነገር ደረቅ ሲሆን ነው፤ እርጥብ ወረቀት በፕላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ሻጋታ ያወጣል።

አድራሻ፣ ማኅተምና አደራ

አድራሻው ሰነዱ ወደ ፖስታው ከመግባቱ በፊት ይጻፍ። ከገባ በኋላ ከተጻፈ የእስክሪብቶው ጫና በውስጥ ያለውን ሊጎዳ ይችላል። የተቀባዩ ስም ወይም የሥራ ክፍል፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ከተማውና ስልክ ቁጥሩ በግልጽ ይጻፉ፤ የላኪው አጥቢያ አድራሻም አይረሳ። በሁለቱም ገጽ «እንዳይታጠፍ» ብሎ መጻፍ መልካም ነው። ሆኖም በጽሑፉ ተማምኖ ካርቶኑን መተው አይገባም፤ በከረጢት ውስጥ የተጫነው ሌላ ጥቅል ጽሑፍ አያነብምና።

ከማሸጋችን በፊት ጥቅሉን በሁለት እጅ ይዘን ቀስ ብለን ለማጠፍ እንሞክር፤ ከታጠፈ ካርቶኑ ይለወጥ። ከዚያም በጆሯችን አጠገብ እንነቅንቀው፤ የሚንሸራተት ድምፅ ከተሰማ የማዕዘኑ አያያዝ ይስተካከል። ፖስታው ከተዘጋ በኋላ በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ የሰበካ ጉባኤው ማኅተም ቢያርፍበት በመንገድ ተከፍቶ እንደ ሆነ ይታወቃል።

በሀገራችን ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ተመሥርቶ፣ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ዛሬም ዋና ሰነድ ለመላክ የሚመረጠው የአደራ ደብዳቤ ነው። ላኪው ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቀበላል፤ ተቀባዩም ፈርሞ ይወስዳል። ክፍያው በክብደት ስለሚተመን ካርቶኑ ሒሳቡን ጥቂት ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ኮሚቴው ይህን በዕቅዱ ቢይዝ መልካም ነው። ሰነዱ በሰው እጅ የሚላክ ቢሆንም አስተሻሸጉ አይለወጥ። መልእክተኛው ታማኝ ቢሆንም ቦርሳው በመንገድ ሊጫን፣ ዝናብም ሊያገኘው ይችላል።

የሚላኩት ሰነዶች ዝርዝር በሁለት ቅጂ ተጽፎ በጸሐፊውና በሊቀ መንበሩ ይፈረም። አንዱ ከጥቅሉ ጋር ይግባ፤ ሌላው ከፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ጋር በወጪ መዝገብ ይያያዝ። ዝርዝሩ «ልዩ ልዩ ሰነዶች» የሚል ብቻ አይሁን፤ የእያንዳንዱ ሰነድ ስም፣ ቀን፣ የገጽ ብዛትና ዋና ወይም ቅጂ መሆኑ ይገለጽ። አንድ ገጽ ቢጎድል የት እንደ ጎደለ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የተቀባዩ ድርሻ

የላኪው ጥንቃቄ በተቀባዩ ችኮላ ሊበላሽ አይገባም። ጥቅሉ የደረሰው ክፍል ፖስታውን በጠርዙ በኩል ይክፈት፤ ስለት ወደ ውስጥ ጠልቆ አይግባ። ሰነዶቹ ከዝርዝሩ ጋር ተመሳክረው መድረሳቸው በዚያው ቀን ለአጥቢያው በስልክ ይነገር። የጎደለ ወይም የተጎዳ ካለም ፖስታው ሳይጣል በጽሑፍ ይመዝገብ።

ካርቶኖቹና የማዕዘን መያዣዎቹም አይጣሉ። ዋናው ሰነድ ታይቶ ወደ አጥቢያው የሚመለስ ከሆነ በልኩ የተቆረጠለት ገበታ ያ ነውና፣ በመጣበት ካርቶን ተመልሶ ይታሰር፤ ዝርዝሩም አብሮት ይመለስ።